የጠመኔ ምልክት

ከልቨር ሲቲ ነበር፣ ስቱዲዮ ቁጥር ስድስት፣
እኔ መብራት ሰቃይ፣ መሰላል ላይ ያረጀሁት።
ዊልማ ትመጣለች ገና ጎህ ሳይቀድ፣
ጠመኔ መስቀል ላይ ልትቆም እንደ ዓምድ።

ቁመቷ የቬራ፣ ጸጉሯ የቬራ፣
ስሟ ብቻ የራሷ፣ እሱንም ማን ሊጠራ።
«ትንሽ ወደ ግራ» እላለሁ ከላይ ሆኜ፣
ብርሃን ስለካ በጉንጯ ተማምኜ።
አንድ ሰዓት፣ ሁለት፣ ላቧ እየወረደ፣
ጥላው እስኪስተካከል ዓይኗ እየነደደ፤
ከዚያ «ዞር በይ» ትባላለች፣ ቬራ ትገባለች፣
ዊልማ ባቀናችው ብርሃን ታበራለች።

ሠላሳ አንድ ዓመት። ሃያ ስድስት ፊልም።
በአንዱም ላይ ዊልማ በስህተት እንኳ የለችም።

ቬራ በሽልማት ማታ ምስጋና ስትደረድር፣
እናቷን፣ ጠበቃዋን፣ ውሻዋንም ጭምር፣
እኛ ሰፈር ቡና ቤት ቴሌቪዥን ስናይ፣
ዊልማ ሳቀችና «ያ ውሻ አይደለም ወይ
ጫማዬን የበላው?» አለች።

የመጨረሻው ፊልም። ቬራ አርጅታለች፣
ሁለት ቃል ተናግራ ሦስተኛውን ትረሳለች።
መብራቱ ዝግጁ ነው፣ ካሜራው ይጠብቃል፣
እግሯ መቆሚያውን አጥቶ ይንከራተታል።
ማንም ትንፍሽ አላለ።
ዊልማ ከጨለማ
ወጥታ ክንዷን ያዘች፣ ኮቴዋ ሳይሰማ፤
መስቀሉ ላይ አቆመቻት፤ በሁለት ጣቷ
አገጯን ገፋ አርጋ፣ ትንሽ፣ ወደ ግራዋ።

ከዚያ ወደ ጥግዋ ተመለሰች ዊልማ፣
በጠመኔ ዱቄት ነጥቶ የእግሯ ጫማ።