እይታ የሌለው ክፍል

ዕቁቡ ወጣልኝ፣ የካቲት መባቻ፤
ልጆቹ ሰሙና ያዙኝ ለብቻ ለብቻ።
ነቢል በግራ እጄ፣ ረውዳ በቀኝ፣
«ኮምቦልቻ ውሰደን!» መላወሻ አሳጡኝ።

ከቦርከና ማዶ መዝናኛ ተከፍቷል፣
ሰው የሚያሳፍር ጎማ ሰማይ ላይ ይዞራል።
እዚያው ግቢው ውስጥ ሁለት ሆቴል አለ፤
አንዱ ፊት የቆመ፣ አንዱ ኋላ የተጣለ።

የፊቱ በረንዳ ጎማውን ያሳያል፣
ቁርሱም ከኪራዩ ተደምሮ ይመጣል፤
አምባር ያስሩልሃል፣ ሰማያዊ ላስቲክ፣
በሩ ሳይከፈት የሚያስገባህ፣ ልክ
እንደ ባለቤቱ ልጅ።
የኋላው ግማሽ ዋጋ ነው፣ ከባሕር ዛፉ ሥር።
ስልኩን ያነሳችው ልጅ ትንሽ አሰበችና
«ሦስት አልጋ አለው ጋሼ፣ ሙቅ ውሃም አይጠፋም፤
እይታ ግን የለውም፣ እኔ ሰው አልዋሽም።»

ማታ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ከጦሳ ብርድ ሸሽተን፣
አንድ ብርድ ልብስ ሥር አራታችን ገብተን፣
የደብተር ወረቀት ለሁለት ከፈልኩት፤
ግራውን «የፊቱ»፣ ቀኙን «ኋላ» አልኩት።
ሉባባ እስክሪብቶ ነጥቃኝ ትደምራለች፦
«የሚኒባስ፣ የምሳ፣ የዋና ልብስ» አለች፣
«የነቢል ጫማ ደግሞ፣ ተረከዙ አልቋል፤
ጠዋት ወርደን ማታ ብንመለስስ? ይበቃል!
ኮምቦልቻ እኮ ናት! ሐረጎን ሲወርዱ
ጆሮ ተደፍኖ ሳይከፈት ያልቃል መንገዱ።»

እውነቷን ነው። እኔ ግን ማደር ነው ያማረኝ።
ምክንያቱን አልነገርኳት፤ ትንሽነቱ አሳፈረኝ።

በሰባት ዓመቴ፣ አባቴ ረዳት ሳለ፣
ጥጥ የጫነ ፊያት ላይ፣ በፍሬኑ እየማለ፣
ወደ ጨርቃ ጨርቁ ይዞኝ ወርዶ ነበር።
ተራ አልደረሰንም፤ አደርን ከአጥሩ ሥር።
ከመንገዱ ማዶ የአንድ ሆቴል መብራት፣
ውሃ ሲያንቦጫርቁ የሚስቁ ሕፃናት።
አባቴ ሸራውን አለበሰኝና
«ተኛ» አለኝ፣ «እኛ የመጣን ለሥራ ነውና።»

የወረቀቱ ግራ እስከ ታች ድረስ ሞላ፤
ቀኙ ላይ ያለው ያው አንድ ቃል፣ «ኋላ»።
ነቢል እንቅልፍ ይዞት፣ ዓይኑን ሳይገልጥ ጠየቀ፦
«ማደር ያለው የቱ ነው?» መልሱን ሳይሰማ ዘለቀ።
ሉባባ ሳቀች። እስክሪብቶውን ጣለች።
«በል የኋላው ይሁን፤ ጫማው ይቆይ» አለች።

ቅዳሜ ስንደርስ ሙቀቱ ተቀበለን፤
ሹራብ እያወለቅን፣ ሻንጣ እየጎተትን፣
በፊቱ ሆቴል በር አለፍን። ረውዳ ዞር አለች፤
አምባር ያሰረች እኩያዋን ከላይ እስከ ታች አየች።
ምንም አልተናገረችም።

ቀኑማ አለፈ። ጎማው መሃል ላይ መብራት ጠፍቶ ቆመ፤
ሉባባ አናቱ ላይ፣ ቦርሳዋን አቅፋ፣
ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሰማይ ላይ ተንሳፍፋ፣
ስትወርድ «ለዚህ ነው ያ ሁሉ ብር?» አለች በቁጣ፤
ከዚያ ግን ትኬት ልትቆርጥ ሄደች ሮጣ።

ማታ። መጋረጃውን ገለጥኩት። ጨለማ። ሌላ ምንም።
ልጅቷ እንዳለችው ነው፤ እሷ ሰው አትዋሽም።
ይቅርታ ልጠይቃቸው ስል፣ ነቢል አልጋው ላይ ቆሞ፣
ግንባሩን ከመስታወቱ ጋር አላትሞ፦
«አባዬ፣ ያ ደግሞ የቱ መጫወቻ ነው?
ቀን ለምን አላየነውም?»

ሐረጎ ነው። ጭነት መኪኖች፣ አንዱ ካንዱ ኋላ፣
መብራታቸው ብቻ ገደሉ ላይ እየተጥመለመለ፣
በዝቅተኛ ማርሽ፣ ቀስ፣ ቀስ፣
ሌሊቱን ይዘው ወደ እኛ ይወርዳሉ።

«መግቢያው ስንት ነው?»
«እሱ ትኬት የለውም» አልኩት። «ረዳት መሆን ነው።»

ብርድ ልብሱን እስከ አንገቱ ሳብኩለት።
አሥራ አንድ መኪና ቆጥሮ ተኛ።
አሥራ ሁለተኛውን እኔ ጠበቅኩት።