የሃያ ደቂቃ ባሕር

ኦስላ ትኬት ትቆርጣለች፣ በእኛ ጀልባ ላይ፤
ሃያ ደቂቃ ነው ባሕሩ፣ ነፋስ ካልመጣ ከላይ።
በታኅሣሥ ሼትላንድ፣ ቀን ሳይነጋ ይመሻል፤
ኪሷ ውስጥ የስታቲስቲክስ መጽሐፍ በጨው ውሃ ይርሳል።

ስንሄድ ታነባለች፤ አንድ ገጽ፣ አትጨምርም፤
ስንመለስ ዘግታው፣ አጮልቃ እንኳ አታይም፤
እኔን ሞተረኛውን፣ እጁን ዘይት የነከረውን፣
አስቀምጣ ትነግረኛለች፣ ከገጹ ልቧ ያስቀረውን።
ያልገባትን ለማይገባው ስታስረዳ፣ ስትለፋ፣
መሐል ላይ ቀጥ ትላለች፤
«ቆይ ማግኒ፣ እዚህ ጋ ነው ክሩ የጠፋ!»

የመጀመሪያ ፈተናዋ ውጤት በፖስታ የመጣ ለት፣
ሳትከፍተው ሦስት ሳምንት፣ የሻይ ፔርሙስ ጫነችበት።
«እተወዋለሁ» አለች፣ «መምህሩ ፊት እንኳ የለው፤
ከባሕር ማዶ ሆኖ፣ የእኔን ድካም በምን ሊያየው?»
ምክር አላውቅም። ፖስታውን ቀደድኩ፤ ቁጥሩን ደወልኩ፤
ስልኩን እጇ ላይ ጥዬ፣ ደረጃው ላይ ቆምኩ።

የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ ከኋላው ውሻ ይጮኻል።
«በርቺ» አላላትም።
«አይዞሽ» አላላትም።
«የትኛው መስመር ላይ ቆምሽ?» አለ።

የትኛው መስመር!
እንዲህ ብሎ የጠየቃት፣ እስከዛሬ ሰው አልነበር።
ገጽ ሠላሳ አንድ፣ ከታች ሦስተኛው፤
ጣቷ ያውቀው ነበር።

ትናንት ማዕበል ሆኖ፣ ጀልባዋ ሳትወጣ ዋለች፤
ማታ ስልኬ ጮኸ፤ «አንብቤ ጨረስኩ» አለች፣
«ዛሬ መመለሻ የለኝም፤ ማግኒ፣ እባክህ አትዝጋ።»
አልዘጋሁም።
ድስቴ አረረ።
ስለ መደበኛ ልይይት ግን፣
ጥቂት የገባኝ ይመስለኛል።