መብራት የጠፋበት ፊልም

የጋሽ የሻምበል ቪዲዮ ቤት፣ ሽምብጥ፣ ከቆርቆሮ ሥር፤
መግቢያው ሦስት ብር።
እኔ ከበሩ ጥግ፣ ራቅ ብዬ ከሰው፣
የእጄ የቀረሶ ሽታ ማንንም እንዳይረብሸው።

ልጅቱ እኩያዬ ናት፤ አሥራ ስምንት ቢሆናት፣
ሻንጣ ይዛ ቆማለች፣ ባቡር ሊመጣላት።
እናቷ ከሩቅ ሆና እጇን በሽርጧ ትጠርጋለች፣
ልክ እንደ እናቴ፣ ዝም ብላለች።
ባቡሩ ደረሰ። በሩ ተከፈተ።
አንድ እግሯን አነሣች፤

መብራት ጠፋ።

«ተሳፍራለች!» አለ ውባንተ፣ እንደ ዓይን ምስክር።
«እናቷን ጥላ? የት ልትኖር!»
ጋሽ የሻምበል በሻማ ሳንቲሙን እየቆጠረ
«ነገ ኑ፣ በነጻ» ብሎ በሩን ቀረቀረ።

ወደ ጣና ወረድሁ። ደንገሉ ዝም ብሏል።
ኪሴ ውስጥ ፎርም አለ፣ የብየዳ ትምህርት ቤት፣
ሦስት ሳምንት አጥፌ የዞርሁበት።
«የዓሣው ሥራ ያንቺው ነው» ይላል አጎቴ፤ ክፋትም የለበት።
እስከዚያ ማታ ድረስ መጨረሻዬን ጽፎ
ያስቀመጠልኝ ያለ ይመስለኝ ነበር፣ አንድ ቦታ አጣጥፎ።

በስልኬ ባትሪ፣ ጉልበቴ ላይ፣ ፈረምሁ።
ስሜ ተንጋደደ፤ እንዲያው ተውሁት።

በማግስቱ መብራት መጣ፤ ፊልሙም አለቀ አሉ።
እኔ ምዝገባ ሰልፍ ላይ ነበርሁ።
ዛሬም አንዳንዴ፣ የበየድሁት ብረት እስኪበርድ፣
የፊት መከላከያዬን ገፋ አድርጌ፣
«ምን ሆና ይሆን?» እላለሁ።
ውባንተን ብጠይቀው ይነግረኛል። አልጠይቀውም።
ምናልባት ተመልሳ ይሆናል፤ አልቀየማትም።
እኔ ያየሁት እግሯ ሲነሣ ነው፤
ሲያርፍ አላየሁትም።