የቆርቆሮ ጣሪያ ሒሳብ

በኒው ዚላንድ ምዕራብ፣ በሮስሚር ከተማ፣
ዝናብ ነው ተናጋሪ፣ ሰው ነው የሚሰማ።
የከሰል ጉድጓዱ ከተዘጋ ወዲህ
ከዝናብ በስተቀር ሥራ ያለው የለም እዚህ።

የትምህርት ቤቱ ጣሪያ እርቃኑን ነው፣ ቆርቆሮ፤
ማራማ ቃል ስትጀምር፣ እሱ ይይዛል ጆሮ።
«ሰባት ጊዜ ስምንት…» ብላ ሳትጨርስ
ከላይ ጭብጨባ ይወርዳል፣ መልሱን ሊያፈርስ።
በሰኔ ሰለለ ድምጿ፣ በሐምሌ ጭራሽ ጠፋ፤
የቀራት እጇ ነበረ፣ ሰሌዳ ላይ ሲለፋ።

ሎርካን ደግሞ ከኋላ፣ ከመስኮቱ ሥር፣
ጆሮው በየክረምቱ መግል የሚቋጥር፣
ሁሉ ሲስቅ ይስቃል፣ አንድ ትንፋሽ ዘግይቶ፣
ቀልዱን እንደ ፈተና ከጎረቤት ፊት ላይ አይቶ።
«ልቡ ይባዝናል» ተብሎ በካርዱ ላይ ሰፈረ፤
የተየብኩት እኔ ነኝ። ልቡስ እዚያው ነበረ።

መድኃኒቱ ይታወቃል፦ የአንገት ማይክ፣ አውራ ጣት የሚያህል፤
አራት ስፒከር በአራት ጥግ፣ ድምጿን እኩል የሚያካፍል።
ዋጋው ስድስት ሺህ ዶላር፣ በላዩ አራት መቶ፤
ካዝናችን ውስጥ ያለው ስልሳ፣ ለሳሙና ተመድቦ፣ ተዘግቶ።

ማመልከቻ ጻፍኩ። ከዋና ከተማ መልስ መጣ፦
«ልጁ ደንቆሮ ነው ወይ?» አይደለም፤ አንዳንዴ ነው የሚያጣ።
«እንግዲያው በሌላ መስኮት።» ሌላው መስኮት ደግሞ፦
«ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ፣ የሚለካ ውጤት፣ በሠንጠረዥ፣ ታትሞ።»
በሠንጠረዥ!
የልጅ «እ?» ማለት በስንት ይመነዘራል?
የመምህር ሳል በየትኛው ዓምድ ይደመራል?

በመስከረም ዓሣ ወጣ፣ ክር የመሰለ፣ መስታወት የመሰለ፤
በእንቁላል ጠብሰን ሸጥነው፤ ዝናቡ እዚያም ተከተለ።
ሎተሪ አወጣን፣ ዕጣው አንድ ተጎታች ሙሉ ፍልጥ፤
የደረሰው ሽማግሌ ኸርቢ፣ «ምድጃ የለኝም፤ እንደገና ይሸጥ» አለ፤
ያንኑ እንጨት ሁለቴ ሸጥነው።
ጠቅላላ፦ ዘጠኝ መቶ አሥር።

ቀሪውን ማን ሰጠን? ልናገር፣ ሒሳብ ያዥ ነኝና።
ከመንገዱ ማዶ፣ ከመጠጥ ቤቱ ጓዳ፣
ዘጠኝ የቁማር ማሽን አለ።
ከዋጠው ላይ ቆንጥሮ ለበጎ ሥራ ይሰጣል፤ ደንብ ነው።
ዴዝ፣ የሎርካን አባት፣ በጉድጓዱ ኤሌክትሪሺያን የነበረ፣
ሐሙስ ሐሙስ እዚያ ነው፤ ድጎማው ገባ፣ ኪሱ ተበረበረ።
ዝናብ የማይውጠው ድምፅ ቢኖር የዚያ ማሽን ደወል ነው፤
ቢሮዬን ዘግቼ ስወጣ ጥርት ብሎ የምሰማው።

በስብሰባው ምሽት ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።
ማራማ ድምፅ የላት፤ በብጣሽ ወረቀት ጻፈች፦
«የማን ገንዘብ ነው?»
ወረቀቱ ዞረ። ጣሪያውን አዳመጥን።
ከዚያ አንድ በአንድ ፈረምን።
እኔም ፈረምኩ።

በኅዳር ገንዘቡ መጣ፤ ለገጣሚው ግን አልበቃ።
ዴዝ መሰላል ተሸክሞ ደረሰ፣ ቅዳሜ ገና ሳይነቃ
ከተማው። ዋጋ አልጠየቀም። ሽቦውን በጣሪያ ሥር አሳልፎ፣
አራተኛውን ስፒከር ሰቅሎ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣
«ከነዚህ ከአራቱ» አለኝ፣ «የኔ የትኛው ይመስልሻል?»
መሰላሉን ያዝኩለት እንጂ መልስ የት ይገኛል።

ማይኩን አንገቱ ላይ አጠለቀ።
ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና፣ ሊሰማ የፈለገም አይመስል፣
«ሎርካን» አለ።
ልጁ ከኋላ፣ ከመስኮቱ ሥር፣
የማንንም ፊት ሳያይ፣
«አቤት።»

አሁን የመጨረሻው ቅጽ ፊቴ ነው፦ «ገንዘቡ ምን ለውጥ አመጣ?»
«አንድ ልጅ ከሌሎቹ እኩል ሳቀ» ብዬ ጻፍኩ፤
«በቁጥር ይገለጽ» የሚለውን ዘለልኩ።
ሐሙስ ነው። ዝናቡ አባርቷል።
መስኮቱን ከፍቼ፣ ደወሉ ይጮህ እንደሆነ
ቆሜ አዳመጥኩ።