ነጻ

ትሪሹር ዝናብ ነው፤ የጣቢያው ጣራ ያፈሳል፤
እናታችን ኮቺ ታማለች፤ ባቡሩ አሁን ይነሳል።
ትኬት በስልክ ብቻ፤ መስኮቱ ተዘግቷል፤
ወንድሜ ሱዲራን ክርክር ከፍቷል።

«ውስጡን ሳያሳየኝ ኪሴን የሚፈትሽ
ደጄን አይረግጥም፤ አምቢሊ፣ ልንገርሽ።»
«መተግበሪያው እኮ ነጻ ነው» ብለው፣ «ከክፍያ ነጻ!
ቁልፉ ግን በሰው እጅ፤ ምን ያደርጋል ሕንጻ?»

እውነቱን ነው፤ ግና ሰዓት መች ይሰማል፤
አውራ ጣቴ ደግሞ ሳያነብ ይስማማል።
ስሜን፣ ዕድሜዬን፣ የእናቴን ስም ሰጠሁ፤
ለሁለት ወንበር ብዬ ሁለታችንን ሸጥሁ።

እሱ መስኮት ጥግ፣ እጁን እንደታጠበ፣
በእኔ ዕዳ ተሳፍሮ መጽሐፍ አነበበ።

አሉቫን ስናልፍ፣
«ስንት ጣቢያ ቀረን?» አለኝ፣ እያፈረበት፤
ስልኬን፣ ውስጡን ሳላውቅ፣ ፊቱን አዞርኩለት።