የሐምሌ ዝርዝር

ሊጉ ካለቀ አርባ ቀን ሞላው፤
ኮምቦልቻ ላይ ዝናቡ በረታ፣ ባልዲው ከጥጉ ጠብታ በላው።
ከፋብሪካው የተረፈ የክር መረከቢያ ቅጽ
በጀርባው ገልብጬ ይዣለሁ፤ ከቆርቆሮው ሌላ የለም ድምጽ።

ፕሬዚዳንቱ ትናንት፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ፣
"አፍርሰህ ሥራው" አለኝ፣ "ግን ገንዘብ እንዳታጠፋ።
ሦስት ሰው። ሦስት ብቻ። አራተኛ ካልክ ከኪስህ።"
መስታወቱ ተዘጋ። ሂድ እንግዲህ፣ ቡድን ሥራ በጭቃህ።

የፈረሰ ቤት ድንጋይ አለው፣ ተለቅሞ ለሌላ የሚሆን።
የፈረሰ ቡድን ያለው ስምንት ልጅ ነው፣
መልቀቂያውን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በብብቱ ሸጉጦ፣
በአይሱዙ ጀርባ ሐረጎን የሚወጣ፣ ጀርባውን ለከተማው ሰጥቶ።

እሺ። ከበር እንጀምር።

አንደኛ፦ በረኛ። የሐይቅ ልጅ ነው፣ አሊጋዝ ይሉታል።
ታንኳ ላይ ቆሞ መረብ ሲጎትት አይቻለሁ፤
እጁን ላየው ሰው፣ ኳስ ወዳ የምትገባለት ይመስላል።
ችግሩ ጩኸት አያውቅም። ተከላካዩ ቢያንቀላፋ፣ እሱም ዝም ይላል።
ሰውን በስድስት ወር ማስጮህ ይቻላል?
ጠርዙ ላይ ጥያቄ ምልክት።

ሁለተኛ፦ የባቲው ሙሄ። "ሠላሳ አንድ ነኝ" ይላል።
ታናሽ ወንድሙን አሠልጥኛለሁ፤ እሱ ሠላሳ ሦስት ሆኖታል።
ጉልበቱ ደረጃ ሲወጣ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል።
ግን ከኋላ መስመር ሲቆም የባቲ ሰኞ ደላላ ነው፤
ግመሉ ሳይነሳ ዋጋውን፣
አጥቂው ሳይዞር መንገዱን ያውቀዋል።
ደግሞ ይጮሃል። ኧረ እንዴት ይጮሃል!
ግማሹን ደመወዝ የምከፍለው ለጉሮሮው ነው።

ሦስተኛ፦ ደሴ። ሆጤ ሜዳ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣
ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ግማሹን ሜዳ ውጦት፣
ኳሷ ወደ ጉሙ ገባች፤ ከጉሙ ውስጥ "ጎል!" ተባለ።
"ማነው ያገባው?" ብል፣ "ዘይኑ ነዋ!" አለኝ አጠገቤ የነበረ።
ዐይኔ ያላየውን እግር ልገዛ ቤቱ ድረስ ሄድኩ።
እናቱ መኪናዋ ላይ ልብስ ትሰፋለች፤
ቀና ሳትል፣ "እግር ስንት ዓመት ያበላል?" አለች።
"አሥር" አልኳት።
"ከዚያስ?"
ከዚያስ እኔ ነኝ። ፊቷ ቆሜያለሁ፣ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ጭቃ።
አይታኝ ክሩን በጥርሷ ቆረጠችው።

ሦስት ሞላ። ብዕሩን ከደንኩት።
መሃል ሜዳው ግን አፉን ከፍቶ ያየኛል፤
ስድስት ቁጥር ማሊያ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

በሩ ተንኳኳ። ጦይብ።
አሥራ አንድ ዓመት ያንን ማሊያ የለበሰ፣
ሰኔ ላይ በእኔ ፊርማ የተሰናበተ።
"ወረቀትህ ጎደለ?" አልኩት።
"አልጎደለም።" አልተቀመጠም። ከራሱ ውሃ ይንጠባጠባል።
"በእኔ ቦታ ማንን አሰብክ?"
ምን ይባላል?

"ቦርከና ዳር አንድ ልጅ አለ፣ ይመር የሚባል፣ አሸዋ ጫኝ።
ሁለት ክረምት፣ ሱብሂ እንደተሰገደ፣ አብሬው ሮጥኩ።
ኳስ ሳትደርሰው በፊት ትከሻውን ዞሮ ያያል።
እኔ አላስተማርኩትም። እኔ ራሴ አልችለውም።"

ሁለት ክረምት።
እኔ ዘንድሮ እጄ እየተንቀጠቀጠ የፈረምኩትን
እሱ ካቻምና ጨርሶታል።

"ሦስት ነው የተፈቀደልኝ፣ ጦይብ። ሞልቷል።
ስንት ይላል?"
"ጫማ ነበር የቸገረው። የእኔን ሰጠሁት።
ሰፋው፤ ጫፉ ላይ ጥጥ ጠቀጠቅንበት።"

ብዕሩን ከፈትኩ። አራተኛ ብዬ ጻፍኩ።
ከጎኑ፣ በትንሹ፦ ከኪሴ።
ቀና ስል ጦይብ ባልዲውን አንስቷል፤ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር።
ደጅ ወጥቶ ደፋው፣ አምጥቶ ቦታው መለሰው፣
"ደህና እደር ጋሼ" ብሎ ሄደ።
ጠብታው ከአንድ ጀመረ።