ሐምሌ ያሳበጠው በር

ሠላሳ አንድ ዓመት በር ሠራሁ ሄርማታ፤
ዋንዛን ከነዓመሉ አውቃለሁ በሽታ።
ሐምሌን ሲጠጣ ያብጥና ደፉን ይነክሳል፣
ባለቤቱ በትከሻው ገፍቶ አናጢውን ይወቅሳል።
«በመጥረቢያ ልበለው?» ይለኛል ፈቃድ ፈልጎ፤
በርማ የሚታረቀው ጥቂት ጥቂት ተልጎ።

የራሴ ሲጣበቅ ግን አልሰማሁም።
ለወገቤ ውጋት ከሱቅ ክኒን እየገዛሁ
በባዶ ሆዴ እየዋጥኩ ስንቱን ሌሊት አነጋሁ።
ቁስሉስ ሻረ፤ ጠባሳው ነው የጨጓራዬን መውጫ
እንደ ከረጢት አፍ የቋጠረው።
የትናንት ቁርሴ ዛሬ ማታ ይመለሳል
እንዳኮረፈ እንግዳ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ።
በተገላበጥኩ ቁጥር ሆዴ እንደ ጎደለ ጀሪካን ይንቦጫረቃል።
ሱሪዬን በሲባጎ አሰርኩ።
ልጄ ነጅሚያ ሳህኔን አይታ
ምንም አትልም።

የሆስፒታሉ ክፍል በር ወለሉን እየፋቀ ተከፈተ።
«ቢላዋ የለም» አለች ዶክተር ቢፍቱ፤
«በአፍዎ እንገባለን፣ ጫፏ ላይ መብራት ባላት ቀጭን ቱቦ፤
ከደጃፉ ስንደርስ ፊኛ እንነፋለን፣ በውኃ፣ ቀስ ብለን።»
«ስንት ነው ስፋቱ?» አልኳት፣ የሙያዬ ጥያቄ ነው።
«ዛሬ አሥር ሚሊ። ሲሰነብት አሥራ ሁለት። ከዚያ አሥራ አምስት።»
«ባንድ ቀን አይሆንም?»
«ይቀደዳል።»
ገባኝ። አልፈራሁም ብል ውሸት ነው፤
ግን ባለእጅ ባለእጅን ያምናል።

ጉሮሮዬ ላይ መራራ ነገር ረጩ፣ በግራ ጎኔ አስተኙኝ።
መድኃኒቱ ዓይኔን ሳይከድነው በስክሪኑ አየሁት፦
ቀይ፣ እርጥብ ጓዳ፤
ከጥጉ ላይ፣ ሚስማር የማታሳልፍ ቀዳዳ።
«ለካ ደጄ ይቺ ናት» ልል ስል
ጨለመ።

በሦስተኛው ቀን ቀጭን አጥሚት ጠጥቼ ተኛሁ፤
ተኛሁ ማለቴ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሆዴን አዳመጥኩ።
አልተመለሰም።
ከጅሬን በኩል አዛን ሲሰማ
ስምንት ወር ሙሉ ያላልኩትን ቃል አልኩ፦
«ነጅሚያ፣ ራበኝ።»
እጇን አፏ ላይ ጭና ቆመች።
ራብ ገባ ብሎ የሚደሰት ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ለአሥራ ሁለት ሚሊው ቀጠሮ ስሄድ
መላጊያዬን በጋዜጣ ጠቅልዬ ያዝኩ።
«ምንድነው?» አለ ጥበቃው።
«ለበሩ» አልኩት።
ተራዬ እስኪደርስ የዚያን ክፍል በር ከማጠፊያው አወረድኩ፣
ወለሉን የሚነክሰውን ጥግ ትንሽ ላግኩለት፤
ቀሪውን
ለአሥራ አምስቱ ተውኩት።